ገጠር ይሻላል ወይስ ሶዶ? በወላይታ የኑሮን ደረጃ ስለ መመዘን

በየዓመቱ የጊፋታና የመስቀል ሰሞን አልፎ፣ ለበዓሉ ወደ ወላጆቻቸው ቤት የገቡት ወጣቶች ወደየከተማው ሲመለሱ፣ በወላይታ የገጠር አጥቢያዎች አንድ ጥያቄ ወደ ካህናቱና ወደ ሰበካ ጉባኤው ደጅ መምጣቱ የተለመደ ነው። አባት ታናሹን ልጁን ይዞ ይመጣና «ከታላቁ ጋር ሶዶ ይግባ ወይስ እኔው ዘንድ ይቅር?» ሲል ምክር ይጠይቃል። ሽማግሌዎቹ ብዙውን ጊዜ «ከተማ ልጅ ያበላሻል» ይላሉ፤ ወጣቱ ደግሞ «ገጠር ምን አለና?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም መልሶች ሳይመዘን የተሰጡ ናቸው። ምክሩ ግን የአንድን ሰው ዕድሜ የሚወስን በመሆኑ፣ የገጠሩንና የከተማውን ኑሮ በምን መለኪያ ልናነጻጽር እንደምንችል ማየቱ ለአጥቢያ አገልጋዮች ሁሉ ይጠቅማል።

አስቀድሞ ስለ አገሩ ጥቂት እንበል። የወላይታ ዞን ከአገራችን እጅግ ጥቅጥቅ ያለ ሕዝብ ከሰፈረባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ብሔራዊ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ይህም በአማካይ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ330 ሰው በላይ ማለት ነው፤ በቦሎሶ ሶሬና በዳሞት ጋሌ ወረዳዎች ያለው ጥግግት ከዚህም የላቀ ነው። ያን ጊዜ በከተማ ይኖር የነበረው ከመቶ 12 የማይሞላ ሲሆን፣ የሶዶ ከተማ ነዋሪም 76 ሺህ ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ብዙ ተለውጣለች። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በዚያው በ1999 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረትም ሶዶ የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር መቀመጫ ሆነች። ከአዲስ አበባ በሆሳዕና፣ ከሻሸመኔ፣ ከአርባ ምንጭና ከዳውሮ የሚመጡት መንገዶች የሚገናኙባት በመሆኗ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቀመጠችው ይህች ከተማ የገጠሩን ልጅ የምትስበው ያለ ምክንያት አይደለም።

የኑሮ ደረጃን ለመለካት ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከሚሠራባቸው መሣሪያዎች አንዱ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚጠቀምበት ዘርፈ ብዙ የድህነት መለኪያ ነው። መለኪያው ስለ ገንዘብ አይጠይቅም። ጤናን፣ ትምህርትንና የኑሮ ሁኔታን እኩል ሲሶ ሲሶ ሰጥቶ፣ በእነዚህ ሥር አሥር ነገሮችን ይመረምራል፦ ልጅ ሞቶባችኋልን? የሚበላውን በቂ ምግብ ያጣ ሰው በቤቱ አለን? ልጆች ይማራሉን? ንጹሕ ውሃ ደርሶ መልስ ከ30 ደቂቃ ባነሰ መንገድ ይገኛልን? መጸዳጃ፣ መብራትና ማገዶ እንዴት ነው? የቤቱ ወለል ምንድን ነው? ሬዲዮ፣ ስልክ፣ ብስክሌት ወይም ሌላ ንብረት አለን? በዚህ ሚዛን ሲመዘን ከተማው ገጠሩን ሁልጊዜ ይበልጠዋል፤ ውጤቱም ሐሰት አይደለም።

ይሁን እንጂ መለኪያው የማያያቸው ነገሮች አሉ። ወለሉ አፈር የሆነ፣ ነገር ግን በጓሮው 100 እንሰት ያቆመ ቤተሰብ በወለሉ መስመር ጉድለት እንዳለበት ይመዘገባል፤ እንሰቱ በንብረት ዝርዝሩ ውስጥ ስፍራ የለውምና። በሶዶ ዳርቻ በአንዲት ሲሚንቶ በተለሰነች ክፍል አምስት ሆነው የሚያድሩ ወጣቶች ግን ወለልና አምፖል ስላላቸው በሁለቱም መስመር ያልፋሉ፤ የወሩ ኪራይ ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቃቸው የለም። መለኪያው ለአገርና ለአገር ማነጻጸሪያ የተሠራ እንጂ ለአባትና ለልጅ ምክር የተሠራ ባለመሆኑ በዚህ ልንወቅሰው አይገባም። የአጥቢያ አገልጋይ ግን የጎደለውን ራሱ መሙላት ይኖርበታል።

በወላይታ ገበሬ ቤት ዙሪያ ያለው መሬት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ለቤቱ የቀረበው፣ የከብቱ ፍግና የምድጃው አመድ በየቀኑ የሚደርሰው ጓሮ በወላይትኛ ዳርኩዋ ይባላል። እንሰቱ፣ ቡናው፣ ጎመኑና ጎደሬው የሚበቅሉት እዚያ ነው። ራቅ ብሎ ያለው፣ በቆሎና ጤፍ የሚዘራበት ማሳ ደግሞ ሾቃ ይባላል። ሾቃው ዝናብንና የማዳበሪያን ዋጋ ይጠብቃል፤ ዳርኩዋው ግን ከብት እስካለ ድረስ ራሱን ያድሳል። የገጠሩ ኑሮ ጥሩ ነው ስንል፣ ሳናውቀው የምንናገረው ስለ ዳርኩዋ ነው።

እንሰት ከተተከለ በኋላ እንደ አየሩ ጠባይ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይቆያል። በየትኛውም ወር ሊቆረጥ ስለሚችል እንደ ቆመ ጎተራ ነው፤ ተፍቆ በጉድጓድ የተቀበረው ቆጮም ለወራት ሳይበላሽ ይቀመጣል። ስለዚህ በቂ እንሰት ያለው ቤት በልግ ቢዘገይ አይደነግጥም። የሌለው ቤት ግን ከመጋቢት እስከ ሰኔ ያሉትን ወራት የሚሻገረው በስኳር ድንች ነው። የስኳር ድንቹ ዝናብ ሲቀር የሚመጣውን ችግር አገሩ በሚገባ ያውቀዋል፤ በ1977 ዓ.ም. እና በ1992 ዓ.ም. የደረሰው ረሃብ «አረንጓዴ ረሃብ» የተባለው በዚሁ ምክንያት ነው። ምድሩ ለምልሞ፣ ዛፉና ሣሩ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ በቤት ውስጥ የሚበላ አልነበረም። ከመንገድ ላይ ሆኖ የሚያይ እንግዳ የችግሩን ክብደት ለማመን ይቸገር ነበር። በመኪና መስኮት የሚደረግ የኑሮ ግምገማ ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ያለ አይመስለኝም።

እንግዲህ የጥያቄው ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። አንድ ገበሬ ግማሽ ሄክታር ማለትም ሁለት ጥማድ መሬት ቢኖረውና ለአራት ወንዶች ልጆቹ ቢያካፍል ለእያንዳንዱ ግማሽ ጥማድ ይደርሰዋል። በዞኑ ብዙ ወረዳዎች ግማሽ ሄክታር ያለው ገበሬ ደኅና ይዞታ አለው ከሚባሉት ነው። በግማሽ ጥማድ ላይ ጎጆ ሠርቶ፣ ከብት አስሮ፣ እንሰት ተክሎ ቤተሰብ ማስተዳደር አይቻልም። ከብቱ ሲቀር ፍጉ ይቀራል፤ ፍጉ ሲቀር ዳርኩዋው ይከሳል። በዚህ ላይ የእንሰት አጠውልግ በሽታ ከገባ ለዓመታት የተጠበቀው ተክል በአንድ ወቅት ይጠፋል። በአረካ የግብርና ምርምር ማእከል የእንሰት ዝርያዎች ተሰብስበው ጥናት ቢካሄድባቸውም፣ በሽታውን ፈጽሞ የሚቋቋም ዝርያ እስኪገኝ የገበሬው ዋና መከላከያ የታመመውን ነቅሎ መቅበርና የፋቀበትን ቢላዋ በእሳት መለብለብ ነው።

ስለዚህ አባቱ «ገጠር ይሻላል» ሲል እውነቱን ነው፤ እርሱ ዳርኩዋ አለው። ልጁ «ገጠር ምን አለ?» ሲልም እውነቱን ነው፤ እርሱ የለውም። ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ቢያድሩም የሚኖሩት በአንድ ስፍራ አይደለም። መሬት ለሌለው ወጣት «መሬትህን አትልቀቅ» ማለት ምክር ሊባል እንዴት ይችላል?

የሕጉም ነገር መረሳት የለበትም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው የመጠቀም፣ የማውረስና ለተወሰነ ጊዜ የማከራየት እንጂ የመሸጥ መብት የለውም። በዚህ ምክንያት ወደ ሶዶ የሚገባ ሰው የገጠሩን ድርሻ ለውጦ በከተማ ቤት መግዣ ሊያደርገው አይችልም። ይዞታውን ለረጅም ጊዜ ጥሎ ከጠፋም መብቱን የማጣት ሥጋት አለበት። ቤተሰቡ ከሁለት የሚከፈለው ከዚህም የተነሣ ነው፦ ሚስት ወይም ወላጅ ከይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ጋር በገጠር ይቀራሉ፣ ባል ወይም ልጅ በከተማ ይሠራል።

አሁን ወደ ሶዶ እንግባ። ከገጠር የመጣ ወጣት በመጀመሪያ የሚያገኘው የጉልበት ሥራ ነው፤ በግንባታ ስፍራ ሲሚንቶና አሸዋ መሸከም፣ በመናኸሪያ ዕቃ ማውረድ፣ ጫማ መጥረግ፣ ጥቂት ቆይቶ ምናልባት የሰው ባጃጅ መንዳት። ሴቷ በሰው ቤት ትቀጠራለች ወይም በጉሊት ትቀመጣለች። ገንዘቡ በየቀኑ ይገባል፤ ይህ በገጠር ያልነበረ ነገር ነው። በየቀኑ የሚገባው ግን በየቀኑ ይወጣል። በገጠር ያልገዛውን ጎመን፣ እንጨት፣ አንዳንዴም ውሃ ይገዛል። ከሁሉ በላይ ግን ኪራይ አለ። ከተማዋ የክልል መቀመጫ ሆና ቢሮዎችና ሠራተኞች ሲበዙ ቤት ፈላጊው ስለሚጨምር፣ የኪራይ ዋጋ ከቀን ሠራተኛው ደመወዝ ቀድሞ ይሮጣል። የታመመ የቀን ሠራተኛ በዚያ ቀን የሚበላውን ብቻ ሳይሆን በወሩ መጨረሻ የሚያድርበትንም ያጣል። በገጠር ሰው ቢታመም እንሰቱ አይታመምም ነበር።

በሌላ በኩል ከተማው በማያሻማ ሁኔታ የሚበልጥባቸው ነገሮች አሉ፤ እነርሱንም አሳንሶ መናገር ቅንነት አይሆንም። የመጀመሪያው የሴቶች ጊዜ ነው። በገጠር እንሰት የሚፍቁት፣ የሚያላቁጡትና የሚቀብሩት ሴቶች ናቸው፤ ውሃና ማገዶ የሚሸከሙትም እነርሱ ናቸው። በሶዶ የቧንቧ ውሃ በየሠፈሩ በየቀኑ አለ ማለት ባይሆንም፣ ቦኖ ላይ ጀሪካን አሰልፎ መጠበቅና ቁልቁል ምንጭ ወርዶ ዳገት መውጣት አንድ አይደሉም። አንዲት እናት ዳርኩዋ ካላት ገጠር ይሻላታል ብለን ከመፍረዳችን በፊት ያ ዳርኩዋ በማን ወገብ እንደሚሠራ መጠየቅ ተገቢ ነው። ባልየው «ገጠር ሰላም ነው» ሲል ሚስቲቱ ዝም ካለች፣ ዝምታዋም መልስ ነው።

ሁለተኛው ጤና ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተስፋፋው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ጤና ኬላን ወደ ገጠር ቀበሌ አድርሷል፤ ክትባትና የእናቶች ክትትል በዚህ ተሻሽሏል። ምጥ የጠናባት ወይም ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው ግን አሁንም በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ፣ ከዚያም እስከ ሶዶ ይጓዛል። ለሶዶ ነዋሪ ሆስፒታሉ የባጃጅ መንገድ ነው።

ስለ ጤና ከተነሣ አንድ የወላይታ የቆየ መከራ ሊታለፍ አይገባም፤ የእግር እብጠት በሽታ። ብዙዎች እርግማን ወይም በዘር የሚመጣ ጥፋት አድርገው ያዩታል። በሕክምና እንደ ተረጋገጠው ግን ከእሳተ ገሞራ የተገኘውን ቀይ አፈር ለዓመታት በባዶ እግር በመርገጥ የሚመጣ ነው። የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣት በቆዳ ገብቶ የእግርን ፈሳሽ መተላለፊያ ይዘጋል፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በ1995 ዓ.ም. ገደማ ይፋ የሆነ ጥናት በወላይታ ከመቶ ሰው አምስት የሚያህለው በዚህ እንደሚሠቃይ አሳይቷል። ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ በሽታውን ይከላከለዋል፤ ለተያዘውም ያቀልለታል። ያም ሆኖ ታማሚው የሚያፍረው ከሰው መካከል ነው፤ ከማኅበር ይቀራል፣ በቅዳሴም ከዳር ይቆማል። ለዚህ ሰው የገጠርና የከተማ ልዩነት በአንድ ጥንድ ጫማ ላይ ያረፈ ነው። አጥቢያው ደግሞ ጫማውን ወደ ገጠር ሊያደርስ ይችላል፤ ሰውየው የግድ ወደ ጫማው መሰደድ የለበትም።

መብራትን በተመለከተ አጭር ነገር ልናገር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ ቆሞ እስከ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከፍተኛ መስመሩ ግን በገጠር ማሳዎች ላይ ሲያልፍ ከሥሩ ያለው ቤት ሁሉ ይበራል ማለት አይደለም፤ ለመስመር ጎረቤት መሆንና መብራት ማግኘት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

«ሶዶም ገጠርም ካልሆነ ሌላ ስፍራ» የሚለው አሳብም አዲስ አይደለም። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የወላይታ፣ የከምባታና የሐዲያ ጉልበት ወደ አዋሽ ሸለቆ ሲጓዝ ኖሯል። በ1962 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ድጋፍ የተቋቋመውና «ዋዱ» በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የእርሻ ልማት ፕሮግራም ደግሞ ከተጨናነቀው ደጋና ወይና ደጋ ቤተሰቦችን አንሥቶ ከአባያ ሐይቅ አቅራቢያ ባለው የአበላ ቆላ አስፍሮ ነበር። በዚያ ለሰፋሪው የደረሰው መሬት በትውልድ ቀዬው ካለው ብዙ እጥፍ የሰፋ ነው፤ በመሬት ስፋት ብቻ ከተለካ ኑሮው ተሻሽሏል። ነገር ግን ቆላው ወባ አለው፣ ከብቱን የሚፈጅ ገንዲ አለው፣ እንሰቱም በሙቀቱ አይደላውም። የሰፋ መሬት ያገኘው ገበሬ በሬውን በገንዲ ካጣ፣ ስፋቱ ጉልበት የሚጠይቅ ሸክም ይሆንበታል። በአንድ መለኪያ የተሻለ ስፍራ በሌላው ሊያንስ እንደሚችል ከዚህ ታሪክ መረዳት ይቻላል።

ከላይ የተባለው ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ይወስደናል፤ «የትኛው ስፍራ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ «ለማንና በየትኛው ወር?» የሚለው ካልተጨመረበት ሊመለስ አይችልም። የወሩን ነገር አጠንክሬ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ጊፋታ በሚከበርበት በመስከረም አጋማሽ የገጠሩን ቤት ያየ ሰው ዓመቱን ሙሉ በተጠራቀመ ቁጠባ የታረደውን በሬ፣ ቅቤውንና ሙሉውን ቤት ያያል፤ ከከተማ የመጣውም ልጅ አዲስ ልብስ ለብሷል። ያን ጊዜ ሁለቱም ስፍራዎች ያማሩ ናቸው። በግንቦት ተመልሶ የመጣ ግን ሌላ ቤት ያገኛል። የተረጂዎች ዝርዝር በመስከረም የሚያዘጋጅ ኮሚቴ የሚስተው በክፋት ሳይሆን በወር ነው።

ስለሆነም የሰበካ ጉባኤ የልማት ንዑሳን ክፍሎች የምእመናንን መዝገብ ሲያድሱ ከስምና ከአስተዋጽኦ ጎን ጥቂት ዓምዶች እንዲጨምሩ እናሳስባለን። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ከመኸር በኋላ በታኅሣሥ፣ ሌላው በግንቦት ቢሞላ ይመረጣል። በገጠር አጥቢያ ለመቆረጥ የደረሰው እንሰት ስንት እንደሆነ፣ ከብት መኖሩ፣ ለመሬት ተረካቢ የሚሆኑት ልጆች ብዛት፣ ለውሃ ደርሶ መልስ የሚፈጀው ጊዜና የልጆቹ እግር ጫማ ያለው መሆኑ ይጠየቅ። በከተማ አጥቢያ ደግሞ ከወሩ ገቢ ለኪራይ የሚወጣው ድርሻ፣ በአንድ ክፍል የሚያድሩት ሰዎች ቁጥር፣ ሰውየው እድር ያለው መሆኑና ለአንድ ሳምንት ቢታመም የሚያበላው ሰው መኖሩ ይጠየቅ። በሁለቱም ስፍራ መልሱን ከባልየው ብቻ ሳይሆን ከሚስቲቱም ለብቻ መስማት ያስፈልጋል።

በገጠር አጥቢያ ያለ ካህንም ወጣቱ ለመሄድ ከቆረጠ ባዶ እጁን አይስደደው። የሚሄድበትን ሠፈር ጠይቆ በዚያ ላለው አጥቢያ የመሸኛ ደብዳቤ ቢጽፍለት፣ የከተማው ሰበካ ጉባኤም በመጀመሪያው ወር ውስጥ ፈልጎ ቢያገኘውና ከእድር ቢያስገባው፣ ልጁ ከገጠር ሲወጣ ካጣቸው ነገሮች ቢያንስ አንዱን መልሶ ያገኛል። ደብዳቤው ሦስት ነገር ቢይዝ ይበቃል፦ የመጣበት ቀበሌ፣ የሚያውቀው ሥራ፣ ቢታመም የሚጠራለት ሰው ስልክ።